ወደ ላይ ማምጣት

አንኮበር ተወልዶ ላደገ ሰው አቅጣጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ላይና ታች። ምሥራቅና ምዕራብ የቄስ ነገር ነው፤ ለጸሎት ይፈለጋል እንጂ መንገድ አይጠየቅበትም። ንጉሡ ላይ ናቸው። ቆላው ታች ነው። እንጨት ከላይ ይወርዳል፤ ጨው ከታች ይወጣል። "ባልሽ የት ሄደ?" ሲሉኝ "ታች ወርዷል" ካልሁ አልዩ አምባ ገበያ መሄዱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም። ታዲያ ባሌ ያንን የእንግሊዝ ቃል ሰምቶ እንደዚያ አድርጎ ቢተረጉመው አይፈረድበትም። እኔ ግን ፈርጄበት ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ አሁንም ባስታወስሁት ቁጥር ትንሽ ትንሽ እፈርድበታለሁ።

ነገሩ የሆነው ክፉ ቀን ከመምጣቱ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከብቱ ገና ሳያልቅ ነው። ባሌ አስተርጓሚ ነበር። በጉብዝናው ከነጋዴ ጋር በቅሎ እየነዳ ዘይላ ወረደ፤ ከዚያ ባሕር ተሻግሮ ዓደን ገባና የአንድ እንግሊዝ ሹም ወጥ ቤት ሲያገለግል ቋንቋቸውን ለቃቅሞ መጣ። ለቃቅሞ ነው የምለው፤ ተምሮ አይደለም። በኋላ አንድ እንግሊዝ ከነሚስቱ አንኮበር መጥቶ የውሃ ወፍጮ ሊሠራ ሲፈቀድለት፣ ለሁለቱም አፍና ጆሮ የሆናቸው ባሌ ነው። ቤታቸው ከእኛ ቤት ጥቂት ከፍ ብሎ ነበር። ያኔ ባሌ ካባ የለበሰ ያህል ደረቱን ነፍቶ ይሄድ ነበር። እኔም በሰው ፊት "አንቱ" እለዋለሁ፤ ጓዳ ስንገባ "አንተ" ነው።

እንግሊዝኛ እንደ አጥር ነው ይለኝ ነበር፤ እንጨት እንጨቱን ለይተሽ ስትነቅይው ይገባሻል። "ስታንድ አፕ" ሲሉት ስታንድ ቁም ነው፣ አፕ ላይ ነው፤ ወደ ላይ ቁም። "ሲት ዳውን" ደግሞ ታች ተቀመጥ። እየነቀለ ያሳየኛል፤ እኔም እስቅበታለሁ፤ ሰው ወደ ታች ካልሆነ ወዴት ሊቀመጥ ነው? ቢሆንም የነቀለው ሁሉ ልክ እየሆነ ስለመጣለት በአጥሩ ተማመነ።

በዚያ ዓመት ከጥምቀት በኋላ ወንድ ልጅ ወለድሁ። የመጀመሪያዬ ነው። አራስ ቤት ሳለሁ ታች ቆላ አንዲት እህቴ በንዳድ ሞተች። ከእናታችን ማሕፀን የወጣነው ሁለት ብቻ ነበርን። አራስ መርዶ አይነገራትም ብለው ሁሉም ደበቁኝ፤ ለቅሶ የሄዱት ሁሉ ከገበያ የመጡ እየመሰሉ ይገቡ ነበር። እኔም ሞኟ "እህቴ ምነው ገንፎዬን ሳትበላ ቀረች" እያልሁ አማት ነበር። ልጄ ክርስትና ተነሥቶ ከቤተ ክርስቲያን በተመለስን ማግስት ነገሩኝ። የጮኽሁት ጩኸት ዛሬም ጉሮሮዬ ውስጥ አለ።

እህቴ አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት፤ ገና አራት ዓመት የሞላት። አባትየው ዘመቻ ሄዶ ሳይመለስ የቀረ ወታደር ነው። ልጅቷን አልዩ አምባ ላይ የጎረቤት እስላም ነጋዴ ሚስት አስጠግታት ነበር። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፤ ያቺ ሴት ከራሷ ልጆች ጋር እኩል ታጎርሳት እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ግን የእህቴ ልጅ እኔ እያለሁ ሰው ቤት? አንጀቴ አላስችል አለኝ። እንዳልወርድ ከወሊድ በኋላ እግሬ አብጦ ከደጃፍ አልፌ መራመድ አቅቶኛል፤ ለክርስትናውም ተሸክመው ነው የወሰዱኝ። ባሌን ሂድ ስለው የወፍጮው ድንጋይ ሊተከል ነው፣ ያለ እኔ እንግሊዙና ሠራተኞቹ እንዴት ይግባባሉ አለኝ። ደሜ ፈላ። ድንጋይ ከሰው በልጦ ነው አልሁና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ።

በዚያው ሳምንት የእንግሊዙ ሚስት አራስ ልትጠይቀኝ መጣች፤ ባሌም አብሯት ገባ። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ናት፤ ልጄን ታቅፋ ቶሎ አልመለሰችልኝም። አልቅሼ ነበርና ዓይኔ አብጧል። ምን ሆነች ብላ ጠየቀችው፤ እሱም ነገሩን ሁሉ ነገራት፤ የእህቴን ሞት፣ የልጅቷን ብቻዋን መቅረት፣ የእኔን እግር። ሴትዮዋ ለአርብ ገበያ ወደ አልዩ አምባ ልትወርድ ኖሯል፤ ከባሕር የመጣ ዕቃ ነበራት። እጄን ይዛ ተናገረች። ከንግግሯ መካከል "ብሪንግ አፕ" የሚል ሰማሁ። የባሌ ፊት በራ።

"ልጅቷን እኔ ወደ ላይ ላምጣት ነው የምትለው" አለኝ። "ብሪንግ አምጣ ነው፤ አፕ ላይ ነው።"

እኔ ይህን ስሰማ እግዜር መልአክ የላከልኝ መሰለኝ። ይስጥልኝ፣ ታምጣልኝ አልሁ። ሴትዮዋ ደግማ ጠየቀች፤ እውነትሽን ነው ወይ፣ ከልብሽ ነው ወይ ትላለች አለኝ። ከልቤ ነው አልሁ። ሦስተኛ ጠየቀች። ይህን ያህል ምን ያስጠይቃል እያልሁ በልቤ፣ አዎ አልኋት። ከዚያ ሴትዮዋ ተንበርክካ እጄን ሳመችውና አለቀሰች። ከእሷ ጋር የመጡት ሁለት አሽከሮችም ቆመው ያያሉ። እኔ አፈርሁ። ፈረንጅ እንዴት ደግ ነው፣ ልጅ ከገበያ ለማምጣት እንኳ ያለቅሳል ብዬ ለጎረቤቶቼ ሁሉ አወራሁ።

ቅዳሜ ቤቱን አስጠርጌ፣ ለልጅቷ ንፍሮ አስቀቅዬ፣ ከእኔ አጠገብ ቁርበት አስነጥፌ ጠበቅሁ። ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ደጃፉን ሸፈነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ባሌ ብቻውን መጣ። ልጅቷ ደርሳለች አለኝ፤ ደክሟት ሴትዮዋ ቤት ተኝታለች፤ በቅሎዋ አቀበቱን ስትወጣ ልጅቷ ምሳዋን ወደ ላይ አመጣች ብላኛለች አለ።

"ምሳዋን?" አልሁት። "እኛ ቤት የሚበላ የለም ብለው ነው ምሳ ያስያዟት?"

እሱም ግራ ገባው። የነጋዴው ሚስት ቋጥራላት ይሆናል አለ። እኔ ደግሞ ተቀየምሁ፤ ንፍሮዬ እየቀዘቀዘ ነው። ለማንኛውም ነገ ትመጣለች ብለን ተኛን።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ልጅቷ አልመጣችም። በከዘራ እየተደገፍሁ፣ ልጄን አዝዬ፣ እያነከስሁ ወጣሁ፤ ባሌም ከኋላ ከኋላዬ። እህቴን ልትመስል ትንሽ የቀራት ልጅ፣ ያ ሰፊ ግንባር፣ ያ ጠባብ አገጭ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ በር ላይ ቆማለች። ነይ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ልጅቷ ሮጣ የሴትዮዋ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች። አልፈርድባትም፤ ያየችኝ ገና ጡት ስትጠባ ነው። የእኔ እጅ ግን እንደተዘረጋ ቀረ።

ልጄን ልውሰዳት በላት አልሁት። አላት። የሴትዮዋ ፊት ልክ እንደ አመድ ሆነ። ብዙ ተናገረች፤ ደጋግማም ያንኑ ቃል አነሳች። ባሌ ቀስ እያለ ይነቅላል፤ አጥሩ ግን አልነቀል አለው። "ወደ ላይ እንዳመጣት ሰጥታኛለች ትላለች" አለኝ። አዎ፣ አመጣችልኝ፣ እግዜር ይስጣት አልሁ። ነገራት። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። "ገና አልጀመርሁም ትላለች" አለኝ። "ወደ ላይ ማምጣት ብዙ ዓመት ይፈጃል ትላለች።"

"አንተ!" አልሁት፤ በሰው ፊት። "ከአልዩ አምባ አንኮበር ብዙ ዓመት የሚፈጀው በቀንድ አውጣ ነው?"

እንግሊዙም ከውስጥ ወጣ። ሁሉም ተናገሩ፤ ማንም አልተግባባም። በመጨረሻ የገባን ነገር ይህ ነው፤ ልጅቷ የእነሱ ልጅ ሆናለች፤ ከፋሲካ በኋላ ክረምት ሳይገባ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይዘዋት ይሄዳሉ፤ እኔ ሦስት ጊዜ እሺ ብያለሁ። ባሌ ይህን ሲተረጉም ድምፁ እየወረደ ሄዶ መጨረሻውን ለጫማው ነው የተናገረው።

ቤት ስንገባ ያልተናገርሁት ነገር የለም። ምላስህን የዓደን ድመት በልታዋለች አልሁት። እንጀራ ቀርቦለት አልነካም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኔ እሺታ አፋፉ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ማን ይመልሰው? ዳኛ ፊት እንዳልቆም ሦስት ጊዜ እሺ ያልሁትን ሁለት አሽከሮች ሰምተዋል። ቃሉ ተጣሞ ነው ብል ደግሞ ያጣመመው ባሌ ነው። ያኔ አስተርጓሚ ቃል አጣመመ ከተባለ እንደ ሐሰተኛ ምስክር ይገረፋል ብዬ ፈራሁ። ልጅቷን ላስቀር ብል ባሌን መስጠቴ ነው፤ ባሌን ልሸፍን ብል ልጅቷ ባሕር ልትሻገር ነው። አንዱን እጅሽን ቆርጠሽ አንዱን አስቀሪ የተባልሁ መሰለኝ።

የንስሐ አባታችን በሰኞው መጡ። ጎረቤት ጩኸታችንን ሰምቶ ነግሯቸው ኖሯል። ሁለታችንንም አስቀምጠው አዳመጡን፤ ባሌ ስለ አጥሩ ሲነግራቸው ፂማቸውን እያሻሹ ፈገግ አሉ።

"ልጄ" አሉት፣ "ባለፈው ሳምንት የልጅህን ክርስትና ያነሣው ሰውዬ ልጁን ከመሬት አንሥቶ ቤቱ ወሰደው? አልወሰደውም። አነሣ ስንል ነገር እናነሣለን፣ ማዕድ እናነሣለን፣ ሬሳ እናነሣለን፣ የሰው ስም እናነሣለን። ቃሉ አንድ ነው፤ ሆዱ ግን ብዙ ነው። የእነሱም ቃል ሆድ ይኖረዋል። ሂድና ሆዱን ጠይቅ እንጂ እግርና ራሱን አትቁረጥ።"

ባሌ ይህን ሲሰማ ድንገት ብድግ አለ። "ምሳዋን!" አለ። እኔ አበደ ብዬ ነበር።

በሩጫ እንግሊዙ ዘንድ ሄደ። የሆነውን ሲመለስ ነገረኝ። እንግሊዙን ወፍጮው አጠገብ አግኝቶ ልጅቷ ምሳዋን ወደ ላይ አመጣች ማለት ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያም ጉሮሮውን ይዞ ወደ መሬት እንደሚያስመልስ ሆኖ አሳየው። ለካ ልጅቷ በቅሎ ላይ ሆና አስታውካ ኖሯል! ብሪንግ አፕ ማስታወክም ነው። ባሌ አልለቀቀውም፤ ሌላስ፣ ሌላስ እያለ ሰውዬውን ሥራ አስፈታው። የተረሳ ነገር በጨዋታ መካከል ሲነሣም ብሪንግ አፕ ነው። ዕቃ ከታች ወደ ላይ ሲመጣም ነው፤ በዚህስ አልተሳሳተም። ከሁሉ በላይ ግን እነሱ ልጅን ከሕፃንነት እስከ አቅመ ሔዋን ሲያሳድጉ፣ ሲያለብሱ፣ ሲያስተምሩ፣ ሲቀጡ፣ ያንን ሁሉ በዚያችው ቃል ይጠሩታል።

"ወደ ላይ ማምጣት ማሳደግ ነው" አለኝ፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው ድምፅ ነበር። "ላሳድጋት ነበር ያለችሽ።"

እኔ ግን ስለ ትውከቱ ነበር የማስበው። አልጠግብ ባይ ሲተፋ ያድራል ይባላል፤ ያቺ ምስኪን ምንም ሳትጠግብ ተፋች፤ ስታስመልስ ግንባሯን የያዘላት የእናቷ እጅ አይደለም፣ የእኔም አይደለም። ያቺ ሴት ነች የያዘችላት። እውነቱን ልናገር፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሴትዮዋን ሙሉ ለሙሉ መጥላት አቃተኝ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የንስሐ አባታችን አትጣዪ፣ ተመላለሺ አሉኝ። እኔም እግሬ እየተሻለኝ ሲሄድ ጠዋት ጠዋት ጥጤንና እንዝርቴን ይዤ እወጣለሁ፤ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብዬ እፈትላለሁ። ሴትዮዋ መጀመሪያ ፈራችኝ፤ ኋላ በርጩማ አወጣችልኝ። ልጅቷ ከሩቅ ታየኛለች። እንዝርቱ ሲሾር ትጠጋለች፤ ቀና ስል ትሸሻለች። አንድ ቀን ቆሎ ሰጠኋት። ከመቅመሷ በፊት ጮክ ብላ "ቢስሚላህ!" አለች። የነጋዴው ሚስት አስለምዳታለች። ሰው ሰማ አልሰማ ብዬ ዙሪያዬን አየሁና ሳቄ አመለጠኝ፤ እሷም ሳቀች። ስትስቅ እህቴን ነው፤ ቁርጥ እህቴን። ጥጡን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስሁ።

ሴትዮዋ ልጅቷን "ማማ" በይኝ እያለች ታስተምራታለች። ልጅቷ ደግሞ የቆላ ልጅ ናት፤ ማማ ማለት ለእሷ ወፍ የሚጠበቅበት የማሽላ ማሳ ቆጥ ነው። ሴትዮዋ ደረቷን እየነካች "ማማ" ስትላት፣ ልጅቷ ቀና ብላ ቁመቷን ታይና "ረጅም ናት፣ ግን ወንጭፍ የላትም" ትለኛለች። ይህን ለባሌ ስነግረው ከስንት ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት። አልተረጎመውም። አንዳንድ ነገር ባይተረጎም ይሻላል ብሎ ተምሮ ነበር።

ከቤታቸው ጓሮ ከወይራው ሥር በድንጋይ የተከበበች ትንሽ አፈር ነበረች። ሴትዮዋ ጠዋት ጠዋት ወደዚያ ሄዳ ትቆማለች። አንድ ቀን ልጄን ሲያለቅስብኝ ተቀብላ ይዛው ሄደች፤ እዚያው አፈር አጠገብ እያወዛወዘች አስተኛችው። ባሌን ምንድን ነው አልሁት። ባለፈው ዓመት የወለደችው ልጅ ነው፣ ሳምንትም አልቆየ፣ እዚህ ቀበሩት አለኝ። እስከዚያ ቀን አልነገረኝም ነበር፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ተንበርክካ እጄን የሳመችው ያኔ ገባኝ። እኔ በቅሎ ያዋሰችኝ መስሎኝ ስገረምባት፣ እሷ ልጅ የተሰጣት መስሏት ታለቅስ ነበር።

ፋሲካ አለፈ። ዕቃቸውን ማሰር ጀመሩ። ሳጥኑ ሲቸነከር እያንዳንዱ ምስማር እኔ ራስ ላይ ነው የሚመታው። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልሁም። ባሌን ይዤው ገባሁና ሴትዮዋ ፊት ቆምሁ። ከዚህ በኋላ የምለውን እንጨት እንጨት አድርገህ ሳይሆን እንዳለ ንገራት አልሁት። እሱም በንጉሥ አምላክ እንዳለ እነግራታለሁ አለኝ።

"እኔ የሰጠሁሽ መንገዱን ነው፤ ልጅቷን አይደለም።"

ባሌ ተናገረ። ቀስ ብሎ፣ ጥንቅቅ አድርጎ፣ እጁን ወደ ቆላው፣ ከዚያ ወደ እኛ ቤት፣ ከዚያ ወደ ልጅቷ እያመለከተ። ስህተቱ የእሱ መሆኑንም ነገራት፤ ይህን እኔ አላዘዝሁትም። ሴትዮዋ የልጅቷን ቀሚስ አስተካከለችላት። ቀጥላ አንዲት አጭር ነገር አለች፤ በውስጧ ያው ቃል አለ። ባሌ ለመተርጎም አልቸኮለም፤ በፊት ቢሆን ኖሮ ወደ ላይ አታምጪው ትላለች ይለኝ ነበር።

"እስክንሄድ ድረስ ይህን ነገር ደግመሽ አታንሺብኝ ትላለች" አለኝ።

እሺም አላለች፣ እንቢም አላለች። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቀን ምን ይመስል እንደነበር አልነግራችሁም። ቃሌን ጠብቄ አላነሣሁም። እፈትላለሁ፤ ልጅቷ አጠገቤ ትጫወታለች፤ ሳጥኑ ይቸነከራል።

የሚሄዱበት ቀን ሲደርስ ሴትዮዋ ልጅቷን በቅሎዋ ላይ ከፊቷ አስቀመጠቻት። ባሌ ወፍጮውንም ሁሉንም ትቶ አልዩ አምባ ድረስ ሊሸኛቸው ነው፤ እኔም ልጄን አዝዬ ተከተልሁ። ያን ሁሉ ቁልቁለት ከበቅሎዋ ጎን ስሄድ የልጅቷን እግር በእጄ ይዤ ነበር። አንዲት ትንሽ፣ አቧራ የያዘች እግር። ገደል አፋፉ ላይ መንገዱ ሲጠብ እንኳ አለቀቅሁም። ሴትዮዋ አየችኝ፤ በቅሎዋን ቀስ አድርጋ ነዳች እንጂ ልቀቂ አላለችም። ባሌ ከኋላ "ትወድቂያለሽ" ይለኛል። ብወድቅ ከእሷ ጋር ነው አልሁት።

አልዩ አምባ ያደርነው ያ ነጋዴ ቤት ነው። ሚስቱ ልጅቷን ስታይ "አልሐምዱ ሊላህ፣ ወፈረች!" ብላ አገላብጣ ሳመቻት። ጠዋት ግመሎቹ እየተጫኑ ነው፤ ሰዉ ይጯጯኻል፤ ሳጥኖቹ አንድ በአንድ ይነሣሉ። እኔ የልጅቷን እግር ፈልጌ ስጠጋ ሴትዮዋ ልጅቷን ታቅፋ ቆማለች። ጉንጯን አስጠግታ ፀጉሯን አሸተተች። ከዚያ መጥታ እጄ ላይ አስቀመጠቻት። እንደ ሰው አደራ፣ ጠንቀቅ ብላ። እጇን እንኳ ወዲያው አላነሳችም። ዓይኔ ውስጥ አየችና ያቺን ቃል ተናገረች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

"ብሪንግ ኸር አፕ።"

ባሌ አፉን ከፈተ። መጀመሪያ ቀና ብሎ ተራራውን አየ፤ ጫፉ ላይ አንኮበር ጉም ውስጥ ናት። ቀጥሎ ልጅቷን አየ። ያ ሁሉ ቃል የማያልቅበት ሰውዬ ተንተባተበ።

"የቱን ልበልሽ?" አለኝ።

"ዝም በሉ" አልሁት፤ ሰው አለ። "ሁለቱንም ሰምቻለሁ።"

ሴትዮዋ ግመሎቹን ተከትላ ሄደች። ዞር አላለችም። ብትዞር ኖሮ አልችልም ነበር፤ እሷም አውቃው ነው መሰለኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ማታ ማታ ለሟቾቼ ስጸልይ ስሟን ባላውቀውም እሷን አነሣታለሁ። በሕይወት ኖራም ከሆነ አይጎዳትም።

አቀበቱን ስንወጣ ልጅቷን እኔ አዘልኋት፤ ሕፃኑን ባሌ በጋቢው ደረቱ ላይ አሥሮ ያዘው። ወንድ ሰው ልጅ ታቅፎ ሲወጣ ያዩ የበቅሎ ነጂዎች "እንኳን ማርያም ማረዎት" እያሉ ሳቁበት። እንግዲህ የእሱ ቅጣት ያ ነበር፤ ሌላ አልቀጣሁትም።

መካከል ላይ ስንደርስ ልጅቷ ጀርባዬ ላይ ነቃች። ታች ቆላው ተከፍቶ ይታያል፤ ግመሎቹ በአቧራ ውስጥ ትንንሽ ሆነዋል። እሷ ወደዚያ አላየችም። አገጯን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ወደ ላይ፣ ወደ ጉሙ እያየች ነው።

"ደረስን?" አለችኝ።

"ገና ነን፣ ልጄ" አልኋት። ገና ነበርንም።